ሁለቱ እርጥብ ግድግዳዎች

ይህን ታሪክ ስታነቡ ብትስቁብኝ አይከፋኝም። እኔ ራሴ ስቄ ጨርሻለሁ፤ ባለቤቴ ብቻ ናት እስካሁን ያልጨረሰችው።

አርባ ዓመት ግንበኛ ነበርኩ። ጉልበቴ እስኪከዳኝ ድረስ እንጅባራ ከተማና ዙሪያዋ ድንጋይ ጠርቤ፣ ብሎኬት ደርድሬ፣ ልስን ለስኜ ኖሬያለሁ። የሰው ቤት ውሃ እንዳያስገባ ስደክም የኖርኩ ሰው የራሴ ጓዳ በየክረምቱ ያፈሳል። ባለቤቴ ያልጋነሽ ከጠብታው ስር ባልዲ ባስቀመጠች ቁጥር «ግንበኛ አገባሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» ትላለች።

በዚያ ሁሉ ዘመን እጄ ስር ላለፉ ሠራተኞች አጥብቄ ያስተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ግድግዳን ውሃ ሳታጠጣ ልስን አትንካ። ደረቅ ግድግዳ የልስኑን ውሃ ይመጥበታል፤ ልስኑም ሳይጠና ይሰነጠቃል። ሲሚንቶ ማለት ውሃ ነው። ይህን እንቅልፍ ላይ ሆኜ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። ከዚህ በታች የምተርክላችሁ ጣጣ ሁሉ የመጣውም በደንብ ከማውቀው ከዚህ ነገር ነው።

ጥር ላይ ነው። ደጄ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳለ አንድ ባጃጅ ቆመና አንዲት ቀጠን ያለች ወጣት ወረደች። ጫማዋን አየሁት፤ ጭቃ የለመደ ነው።

«አባባ ታከለ እርስዎ ነዎት?»

«እንደተፈለገበት ነገር ነው» አልኳት።

«በአዘና በኩል ገጠር ያለውን የውሃ ገንዳ ማን እንደሠራው እያፈላለግን ነው። ጣሪያው ላይ ስምዎት አለ።»

ስሜ አለ ያለችው እውነቷን ነው። ልጆቼ ሳይወለዱ፣ ያ ገንዳ ባለቀ ዕለት፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ከመክደኛው አጠገብ በሚስማር «ታከለ ሠራው» ብዬ ጽፌበታለሁ። ከቀበሌ መታወቂያዬ ሌላ ስሜ የተጻፈበት ነገር እሱ ብቻ ነው።

ልጅቷ ህሊና ትባላለች፤ የውሃ ሥራ ኢንጂነር ናት። ገንዳው አርጅቷል አለችኝ። የውስጥ ልስኑ ተልጧል፣ ፌሮው ቦታ ቦታ ላይ ወጥቶ ታይቷል፣ በጎኑም ያንጠባጥባል።

«እኔም እንደዚያው ነኝ» አልኳት። አልሳቀችም።

«አባባ፣ ኮንክሪት ድንጋይ ይምሰል እንጂ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ አለው። ውሃው በዚያ ገብቶ ፌሮውን ያዝገዋል። ዝገቱ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። አሁን ቀዳዳውን የሚደፍን ቅብ መጥቷል። የፖሊመር ቅብ ነው። በሁለት ጣሳ ነው የሚመጣው፤ ሁለቱ ሲደባለቁ እንደ ማር ይወፍራል፣ ግድግዳው ላይ ሲቀባ ይጠነክራል።»

«ስንት ውሃ ይጨመርበታል?»

«ምንም ውሃ አይጨመርበትም።»

«ታዲያ በምን ይጠነክራል?»

«ሁለቱ ሲገናኙ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ።»

ያልጋነሽ ከበሩ ጀርባ ትሰማ ኖሯል። «እኛ እንኳ በብዙ ውሃ ነው የተያያዝነው» አለች። ህሊና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እኔ ግን ግራ እንደተጋባሁ ቀረሁ። ያለ ውሃ የሚጠነክር ነገር እንዴት ያለ ነገር ነው? ማር ድንጋይ ሆነ ብትለኝ የተሻለ በገባኝ።

የፈለገችኝ የገንዳው ፕላን ስለጠፋ ነው። የግድግዳውን ውፍረት፣ የፌሮውን አደራደር የሚያውቅ ሰው አስፈለጋት። የነገሩንም ክብደት ሳትደብቅ ነገረችኝ። ቅቡ የሚይዘው ደረቅ ግድግዳ ብቻ ነው። ከግድግዳው ጀርባ የመሬት ውሃ እየሰረገ የሚገባ ከሆነ ቅቡ አረፋ እየሠራ ይላጣል። እንደዚያ ከሆነ ገንዳው ይተዋል፣ ጣሳዎቹም ረቡዕ በፒክአፕ በግምጃ ቤት ከተማ በኩል ላለ ሌላ ቀበሌ ይሄዳሉ። አዲስ ገንዳ መቼ እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም። እስከዚያው የዚያ ቀበሌ ሰው እንደ ድሮው ቁልቁል ወንዝ ይወርዳል።

«እሺ፣ እሄዳለሁ» አልኩ። ለሰዎቹ አዝኜ ነው ብል ደስ ባለኝ ነበር። በዚያች ደቂቃ ያሰብኩት ግን በሚስማር የጻፍኩትን ስሜን ነው።

ሰኞ ጠዋት ከጣሳዎቹ ጋር ደረስን። የቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ዘለቀ፣ ፈረሱን በልጓም እየሳበ፣ መንገድ ላይ ተቀበለን። ዘለቀ ገንዳው ሲሠራ ሲሚንቶ የሚያቦካልኝ ጎረምሳ ነበር፤ ልስን ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። አሁን ጢሙ ከእኔ ይበልጥ ነጥቷል።

«አያ ታከለ፣ አለህ እንዴ? እኛ እኮ ሞተሃል ብለን ነበር።»

«እኔም አንዳንዴ ይመስለኛል።»

ሽቅብ ወጣን። ገንዳው ኮረብታው ወገብ ላይ ነው፤ የሰሜኑ ግድግዳ አፈሩን ተደግፎ ይቆማል፣ ሦስቱ ግን ነፋስ ላይ ናቸው። ያን ጊዜ አራቱን ግድግዳ ለአራት ሰው አካፍለን ነው የለሰንነው። ምሥራቁን እኔ፣ ምዕራቡን ዘለቀ፣ ሰሜኑን ሞላ የሚባል የዳንግላ ልጅ፣ ደቡቡን ወንድምነህ። ሞላ ሞቷል። ወንድምነህ ለሥራ ወደ ቆላ ወርዶ ወሬው ከጠፋ ዘመን ሆኖታል።

ውሃው ተለቆ፣ የጣሪያው መክደኛ ተከፍቶ፣ የቀርከሃ መሰላል ወደ ውስጥ ወረደ። መጀመሪያ እኔ ልግባ አልኩ። እስከ ወገቤ ገባሁና ሆዴ ላይ ያዘኝ። ይህን ቀዳዳ በልኬ የሠራሁት እኔ ነበርኩ፤ ልኬ ነው የተለወጠው። ዘለቀ ከላይ ትከሻዬን ሲጫነኝ፣ ከኋላው የቆሙት ሴቶች በአውንጊ አንድ ነገር ተባባሉና ሳቁ። እኔ የዳንግላ ሰው ነኝ፤ ይህን ያህል ዘመን ስሰማው ኖሬም አውንጊ ግማሹ ነው የሚገባኝ። የዚያን ዕለቱ ግን ሙሉ በሙሉ ገባኝ።

ቀኑን ሙሉ የላላውን ልስን በብረት ብሩሽ ስንፈገፍግ፣ የዛገውን ስንጠርግ ዋልን። ማታ ህሊና ወደ እንጅባራ ከመመለሷ በፊት ሁላችንን ሰብስባ እንዲህ አለች።

«ነገ ክፍት ሆኖ ይድረቅ። ማንም እንዳይገባ፣ አንዲት ጠብታ ውሃ እንዳይነካው። ነገ ከሰዓት ተመልሼ እፈትሸዋለሁ።»

«እሺ» አልን ሁላችንም። ከሁሉ ጮክ ብዬ ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ዘለቀ ቤት አደርኩ። ማክሰኞ በማለዳ ዘለቀ ፈረሱን ሊያሰማራ ወጣ። እኔም በእግሬ ልንሸራሸር ብዬ ወደ ገንዳው ወጣሁና በመሰላሉ ገባሁ። ብርሃኑ በመክደኛው ገብቶ የእኔን ግድግዳ፣ ምሥራቁን፣ ነጭ አድርጎ ያሳየኛል። በመዳፌ ዳሰስኩት። ደርቋል። ዱቄት ይለቃል። የተጠማ ግድግዳ ነው።

አሁን ፍረዱኝ። አርባ ዓመት የኖርኩበት ነገር ነው። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ተምራለች፣ ግን ልስን ለስና ታውቃለች? ይህ የማር ቅብ በዚህ ጥም ላይ ቢለጠፍ ግድግዳው ወዲያው ሊመጠው አይደል? ነገ ተሰንጥቆ ሲገኝ ማን ሊወቀስ ነው? ስሙ ያለበት ሰው። ትንሽ ባቀምሰው ምን አለበት? ለእሷ ብዬ ነው። እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳሳምን እጄ ቀድሞኝ ከዘለቀ ቤት ጓሮ ቢጫውን ጀሪካን አንስቶ ነበር።

ሦስት ጊዜ ገንዳውን ከሚሞላው ቀጭን ምንጭ ተመላለስኩ። ሆዴ መክደኛው ላይ ሲፋቅ፣ ጀሪካኑን በገመድ እያወረድኩ ምሥራቁን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች አጠጣሁት። ሲጠጣ ድምፁን ትሰማላችሁ። ወለሉ ላይ የቀረውን በመጥረጊያ ወደ ማፍሰሻው ገፋሁ። ለምን እንደጠረግሁ አትጠይቁኝ። ጥሩ ሥራ የሠራ ሰው ዱካውን አያጠፋም፤ እኔ ግን አጠፋሁ። ምሳ በልቼ የጻድቅ እንቅልፍ ተኛሁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ህሊና መጣች። ግድግዳው ጠጥቶ ጨርሶ፣ ላይ ላዩ ደርቋል። እሷ ግን ላይ ላዩን አላመነችም። አራት ጥርት ያሉ ላስቲኮች አውጥታ በየግድግዳው አንዳንድ እየዘረጋች፣ ጠርዛቸውን በፕላስተር ዙሪያውን አሸገች።

«ይህ ምን ያደርጋል?» አልኳት።

«ግድግዳው ውስጥ ውሃ ካለ ይወጣና ላስቲኩ ስር ጤዛ ይሆናል። ነገ እናየዋለን።»

የጠዋቱን ውሃ አሰብኩ። ቢሆንም ሦስት ጀሪካን ምን ያመጣል ብዬ ዝም አልኩ። ዘለቀም ዝም አለ። የእሱን ዝምታ ልብ ያልኩት ኋላ ነው።

ረቡዕ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ፒክአፑ መጣ። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ። ሴቶቹ ባዶ ጀሪካን ይዘው ዳር ዳር ተቀምጠዋል። ህሊና ወረደች፤ እኔና ዘለቀ መክደኛው ላይ አጎንብሰን እናያለን። ከታች ድምፅዋ እያስተጋባ ይመጣል።

«ሰሜን ደረቅ ነው።»

ከኮረብታው አፈር ጋር የተጣበቀው እሱ ነው። ተንፈስ አልኩ።

«ደቡብ ደረቅ።» ከዚያ ወደ ምሥራቁ ዞረች። «ምሥራቅ ውሃ አለው። ብዙ ነው፤ ጠብታው ይወርዳል።» እርምጃዋ ወደ ማዶ ተሻገረ። «ምዕራብም አለው።»

ምዕራብ? ዘለቀን አየሁት። እሱ የጣሪያውን ሲሚንቶ በጥፍሩ ይፍቃል።

ህሊና ወጥታ ጣሪያው ላይ ቁጭ አለች። ስትናደድ አይቼአት አላውቅም፤ የዚያን ቀንም አልተናደደችም፤ ግራ ነው የገባት። «አልገባኝም» አለች። «ውሃ ከመሬት የሚመጣ ቢሆን መግቢያው በሰሜን ነው። ሰሜን ደረቅ ነው። ምሥራቅና ምዕራብ ከኋላቸው አየር ነው ያለው። ዝናብ አልጣለም። ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?»

ሾፌሩ «ከአየር ላይ ይሆናላ» አለ። ማንም አልሳቀም።

«ከወለሉ ስር ተነስቶ በግድግዳው የሚወጣ ሊሆን ይችላል» አለች ቀስ ብላ። «ምንጩን የማላውቀው ውሃ ላይ አልቀባም። ብቀባው በአንድ ክረምት ይላጣል፤ ቅቡም ይባክናል፤ እናንተም የተላጠውን ትጠጡታላችሁ። አዝናለሁ። ጣሳዎቹ ይጫኑ።»

ሁለት ጎረምሶች ጣሳዎቹን ማንሳት ጀመሩ። ሙሉ የምትባለው የዘለቀ ሚስት ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ተነሳችና ወንዙን ቁልቁል አየችው። ያ አስተያየቷ ነው የገደለኝ።

«ህሊና፣ ልጄ፣ ቆይ» አልኩ። «ምሥራቁን እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«አጠጣሁት። ትናንት ጠዋት። ሦስት ጀሪካን።»

ጣሳ የያዙት ጎረምሶች ቆሙ። ህሊና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «አባባ፣ ጠብታ አይንካው አላልኩም?»

«ብለሻል። እሺ ያልኩትም እኔ ነኝ። የተጠማ መሰለኝ።»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ታልቅስ ትሳቅ መለየት አልቻልኩም። ቀና ስትል ግን ዓይኗ ተስፋ ነበረው። «ምዕራቡንም እርስዎ ነዎት? እሱም የእርስዎ ውሃ ከሆነ ገንዳው ጤነኛ ነው ማለት ነው። ሁለት ግድግዳ ነው ያጠጡት?»

በዚያ ቀን ከሁሉ የጨነቀኝ እዚህ ላይ ነው። አንድ ቃል፣ «አዎ»፣ ብል ጣሳዎቹ እዚሁ ይቀራሉ። ሰው ሁሉ አፌን እያየ ነው። ግን ምዕራቡን አላጠጣሁም። ወይስ አጠጥቼ ረስቼው ነው? በዚህ ዕድሜዬ መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ ቤቱን የምፈልግ ሰው ነኝ። በልቤ ጀሪካኖቹን ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስተኛው የምሥራቁን ጥግ እንኳ በቅጡ አላዳረሰም። አዎ ብዬ ዋሽቼ፣ ውሃው ግን የእውነት ከመሬት የሚወጣ ቢሆንስ? ቅቡ ይላጣል፣ ሙሉም ወንዝ ትወርዳለች፣ ያን ጊዜ ሌላ ጣሳ የሚያመጣ የለም።

«ምዕራቡን አላጠጣሁም» አልኩ። «የእሱን ውሃ አላውቀውም።»

የህሊና ትከሻ ወረደ። «እንግዲያው የአንዱን ብቻ ነው የነገሩኝ። የሌላው ምንጭ አሁንም አልታወቀም።» ለጎረምሶቹ በእጇ ምልክት ሰጠች። የመጀመሪያው ጣሳ ፒክአፑ ላይ አረፈ።

ሁለተኛው ሊያርፍ ሲል ዘለቀ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እ... ምዕራቡን እንኳ...» አለና ቆመ።

ሙሉ በአውንጊ አንድ ነገር ወረወረችበት። ትርጉሙን አልጠየቅሁም።

«ምዕራቡን እኔ ነኝ» አለ ዘለቀ። «ትናንት፣ አያ ታከለ ምሳ በልቶ ሲተኛ። የራሴ ልስን ነው፤ ደርቆ ሳየው አላስቻለኝም። አራት ጀሪካን ነው።»

«አራት?» አልኩ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ፤ በአንድ ጀሪካን በልጦኛል።

«አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ? ግድግዳ ሳታጠጣ እንዳትነካ አላልክም? አንድ ቀን ሳላጠጣ ለስኜ በጥፊ ነው ያልከኝ።»

«ስትገባ የእኔ ግድግዳ እርጥብ መሆኑን አላየህም?»

«ጠቆር ብሎ አይቼዋለሁ። ጥላ መሰለኝ።»

ህሊና አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች። ከዚያ ጣሪያው ላይ፣ ስሜ ከተጻፈበት አጠገብ፣ ተንጋላ ሳቀች። የሾፌሩ ሞተር ጠፋ። ሴቶቹም ሳቁ፤ ሙሉ ብቻ አልሳቀችም። እሷ ቤቷ ሄዳ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ቆጥራ አስገብታ ቆለፈችባቸው።

እኔ ግን ሳቁ መሃል አንድ ነገር ገባኝና ሳቄ ተቋረጠ። ሰሜን ደረቅ ነበር፤ ሞላ የለም። ደቡብ ደረቅ ነበር፤ ወንድምነህ የለም። ሁለቱ ቢኖሩ ኖሮ አራቱም ግድግዳ እርጥብ በሆነ፣ ህሊናም ያለ ጥርጥር ገንዳውን በተወችው። ያዳነን ለሥራው የጎደሉት ሰዎች መጉደል ነው። ይህን ለዘለቀ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ሰሜኑን ግድግዳ ሲያይ ቆየ።

ጣሳዎቹ ወረዱ። እኔና ዘለቀ ኮረብታው ላይ እንዳንወጣ በኮሚቴ ተወሰነብን፤ ሰብሳቢው ራሱ የተፈረደበት ኮሚቴ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ላስቲኩ በየቀኑ ተለጠፈ፣ ተነሳ። በመጨረሻ አራቱም ደረቁ። የቅቡ ዕለት ህሊና ሁለቱን ጣሳ ደባለቀች። ጣሳውን በእጄ ያዝኩት፤ ያለ እሳት ሞቀ። ለምን እንደሞቀ አስረዳችኝ፤ ሁለቴ አስረዳችኝ። አልገባኝም፤ ግን አልተከራከርኩም። ሩሎ ሰጠችንና እኔ ምሥራቁን፣ ዘለቀ ምዕራቡን ቀባን። ሲያልቅ ማንም ሳያዘን እሱ ሰሜኑን ጀመረ፣ እኔ ደቡቡን።

አሁን እናንተ አንባቢዎቼ፣ «ታዲያ ምን ተለወጠ?» ትሉኝ ይሆናል። የተለወጠው እኔ ነኝ፤ በዚህ ዕድሜ ብዙ የሚለወጥ ባይኖርም። በአዊ ምድር እጄ ስር የሠሩ ስንት ሰዎች እንዳሉ ቁጥራቸውን አላውቅም። ያልኳቸውን ሁሉ ይዘው እየሠሩ ነው። ለምን እንዳልኩ ግን አንዱንም ነግሬው አላውቅም፤ ጥፊ ነው የነገርኩት። ለሲሚንቶ ልክ የሆነው ነገር ለማሩ ቅብ ጥፋት መሆኑን እኔም የማላውቅ ሆኜ፣ እነሱ ከየት ያውቁታል? ከዚያ ወዲህ ከአንዳቸው ጋር መንገድ ላይ ስገናኝ ከሰላምታ ቀጥዬ «የነገርኩህን እንዳለ አትመነው» እላለሁ። አንዳንዱ የጃጀሁ ይመስለዋል። ይምሰለው።

ያለፈው ክረምት ዝናብ ካቆመ በኋላ ገንዳውን ላየው ሄድኩ። ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ውጭው ግን እንደ በጋ ድንጋይ ደረቅ ነው። ሙሉ ከቧንቧው ትቀዳለች፤ ጀሪካኗን ስንጠጋ ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። እኔና ዘለቀ ምሥራቁ ግድግዳ ስር ቆመን ዳሰስነው። ከወዲያ በኩል ያን ሁሉ ውሃ ተሸክሟል፤ ከወዲህ አንዲት ጠብታ የለውም። ውሃ ውስጥ ቆሞ ውሃ የማይነካው ግድግዳ። እስካሁን ድረስ ግራ ይገባኛል።

ዘለቀ ዙሪያውን አየና፣ ሙሉ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«አያ ታከለ፣ ከውጭ በኩል ጠምቶት ይሆን?»

እጄ ለጀሪካን ሊነሳ ነበር። ያዝኩት። ኔትወርኩ የሚገኘው ጣሪያው ላይ ስለሆነ፣ ተደጋግፈን ወጣን፤ ስሜ ካለበት አጠገብ ቁጭ ብለን ለህሊና ደወልንላት።